ኦ ፔር፦ በሰው አገር፣ በሰው ቤት አንድ ዓመት

ኦ ፔር የምትባለው በውጭ አገር ቤተሰብ ዘንድ እየኖረች፣ ልጆች እየጠበቀችና በቀላል የቤት ውስጥ ሥራ እያገዘች ማደሪያ፣ ምግብና የኪስ ገንዘብ የምታገኝ፣ ጎን ለጎንም የአገሩን ቋንቋ የምትማር ወጣት ናት። ወንዶችም ይሄዳሉ፤ አብዛኞቹ ግን ሴቶች ናቸው። ቆይታው በብዙ አገር ከአንድ ዓመት አያልፍም። ስለዚህ መንገድ በወሬ የሰማ ሰው ሁለት ነገር ሊገምት ይችላል። አንደኛው፣ ነገሩ የዓረብ አገሩ የቤት ሠራተኝነት በአውሮፓ ስም የተጠራ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ሠርቶ ለቤተሰብ ገንዘብ መላኪያ ነው የሚል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ሁለተኛው ግን የበለጠ ይጎዳል፤ ተበድራ የሄደች ልጅ ብድሯን በኪስ ገንዘብ ልትከፍል አትችልምና።

ልማዱ የቆየ ነው። በስዊዘርላንድ ጀርመንኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ሴት ልጆቻቸውን ትምህርት ሲጨርሱ ፈረንሳይኛ ወደሚነገርበት የአገሪቱ ክፍል ይልኳቸው ነበር፤ ልጆቹም አንድ ዓመት በሰው ቤት እያገዙ ቋንቋውን ለምደው ይመለሱ ነበር። የባቡር ሐዲድ በተስፋፋበት በ19ኛው መቶ ዘመን ብዙ ወጣት ሴቶች ሥራና ትምህርት ፍለጋ ብቻቸውን ወደ ትልልቅ ከተሞች መጓዝ ጀመሩ፤ ጣቢያ ላይ የሚጠብቃቸው አታላይም በረከተ። እ.ኤ.አ. በ1877 በጄኔቫ እነዚህን ወጣቶች የሚከላከል ዓለም አቀፍ የሴቶች ማኅበር ተመሠረተ። በ1894 ደግሞ በበርሊን ባቡር ጣቢያ ተጓዦቹን ተቀብሎ የሚረዳ የመጀመሪያው የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ተከፈተ። ዛሬ በጀርመን ኦ ፔሮችን ከሚያማክሩት ማኅበራት መካከል ከዚያ ዘመን ጀምሮ የመጡ የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ድርጅቶች ይገኛሉ። አንዲት ልጅ ብቻዋን ሰው ቤት ስትገባ ከጀርባዋ የሚቆም ሰው እንደሚያስፈልጋት ያኔም ይታወቅ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአውሮፓ መካከለኛ ቤተሰቦች ቋሚ የቤት አገልጋይ መቅጠር እየከበዳቸው ሄደ፤ ወጣቱም ከአገሩ ውጭ ቋንቋ መማር ፈለገ። ሁለቱ ፍላጎቶች ተገናኙ፤ የኦ ፔሮች ቁጥርም ጨመረ። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ኅዳር 24 ቀን 1969 በስትራስቡርግ ስምምነት ያስፈረመው በዚህ የተነሣ ነው። የስምምነቱ ዋና ሐሳብ ኦ ፔር ተማሪም ሠራተኛም ሳትሆን የሁለቱም ጠባይ ያለበት የተለየ ወገን ናት የሚል ነው። ዕድሜዋ ከ17 እስከ 30፣ ሥራዋ በመሠረቱ በቀን ከአምስት ሰዓት የማይበልጥ፣ ቢያንስ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን የምታርፍ፣ ውሏ በጽሑፍ የሚሰፍር እንድትሆን ተደነገገ። ስምምነቱን ያጸደቁት አገሮች ጥቂት ናቸው። ጀርመን ራሷ ፈርማው ሳታጸድቀው ቀርታለች። ሆኖም በየአገሩ የወጡት ደንቦች ዛሬም የእሱን መልክ ይዘዋል።

ያ የተለየ ወገንነት የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። ኦ ፔር እንደ ተማሪ የትምህርት ቤት ጥበቃ የላትም፤ እንደ ሠራተኛም ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አይመለከታትም። ልትይዘው የምትችለው ውሉንና የአገሩን ደንብ ብቻ ነው። ስለዚህ ደንቡን ሳታውቅ የምትሄድ ልጅ ተስፋዋን የምትጥለው በአስተናጋጅ ቤተሰቧ ደግነት ላይ ብቻ ነው።

ጀርመን ለምሳሌ ትሁን። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የምትመጣ አመልካች ቢያንስ 18 ዓመት የሞላት፣ ቪዛ በምትጠይቅበት ጊዜ ግን 27 ዓመት ያልሞላት መሆን አለባት። ቆይታው ከስድስት ወር አያንስም፤ ከአንድ ዓመት አይበልጥም፤ ዕድሉም የሚሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የሥራው ጊዜ በቀን ቢበዛ ስድስት፣ በሳምንት ቢበዛ ሠላሳ ሰዓት ነው፤ ወላጆች ወጥተው ልጆቹን ማታ የምትጠብቅበትም ጊዜ በዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። በሳምንት አንድ ቀን ተኩል ታርፋለች፤ ቢያንስ አራት ምሽት ለራሷ ነው፤ በወር ቢያንስ አንድ እሑድ ነፃ መሆን አለበት። ዓመቱን ለምትጨርስ አራት ሳምንት የዓመት ፈቃድ አላት፤ የኪስ ገንዘቧም አይቋረጥም። የራሷ ክፍል ይሰጣታል፤ ክፍሉ መስኮትና ማሞቂያ ያለው፣ ስፋቱም ቢያንስ ስምንት ካሬ ሜትር መሆን አለበት። ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ማስተኛት ወይም ከልጆች ጋር አንድ ክፍል ማጋራት ክልክል ነው። የሕመም፣ የእርግዝናና የአደጋ ኢንሹራንስ የሚከፍለው ቤተሰቡ ነው። የአውሮፕላን ትኬት ግን አብዛኛውን ጊዜ በራሷ ነው፤ አንዳንድ ቤተሰብ ያግዛል፣ የመክፈል ግዴታ ግን የለበትም።

የኪስ ገንዘቡ በወር 280 ዩሮ ነው። ለቋንቋ ትምህርት ደግሞ ቤተሰቡ በወር 70 ዩሮ ይጨምራል። 280 ዩሮውን ለወሩ ሰዓት ብናካፍለው በሰዓት ሁለት ዩሮ ከጥቂት ሳንቲም ይሆናል፤ የጀርመን ዝቅተኛ ደመወዝ በ2025 በሰዓት 12.82 ዩሮ ነበር። እርግጥ ነው፣ ኦ ፔር የቤት ኪራይና የምግብ ወጪ የለባትም፤ እንደ ጀርመን ባለ ኪራይ በተወደደበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ስልክ፣ የትራንስፖርት ካርድ፣ የክረምት ጫማና ካፖርት፣ ከትምህርት ጓደኞች ጋር የሚጠጣ ቡና ሁሉ ከዚያችው 280 ዩሮ ይወጣል። ከዚህ ላይ ለእናት ለአባት በየወሩ መላክ የማይቻል ያህል ነው። ቤተሰብ ልጁን ሲሸኝ ይህን ቁጥር አብሮ ቁጭ ብሎ ቢያሰላው፣ «ጀርመን ገብታ ረሳችን» የሚለው ቅሬታ ገና ሳይጀመር ይቀራል። ለቋንቋና ለወደፊት ትምህርት ለምትሄድ ልጅ መንገዱ ጥሩ ነው። ቤት ለማስተዳደር ለምትሄድ ግን የተሳሳተ መንገድ ነው።

ቤተሰቡም መስፈርት አለው። በቤቱ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መኖር አለበት፤ አንድ ወላጅ ብቻውን የሚያሳድግበት ቤትም ይፈቀዳል። ዘመድ ዘመዱን በኦ ፔርነት ማምጣት አይችልም። የቤቱ ቋንቋ ጀርመንኛ መሆን አለበት፤ ወላጆቹ ጀርመንኛ የአፍ መፍቻቸው ሳይሆን በቤት የሚነጋገሩበት ብቻ ከሆነ ደግሞ ኦ ፔሯ ከእነሱ አገር የመጣች መሆን አትችልም። ይህ በፍራንክፈርት ወይም በሙኒክ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆችን በቀጥታ ይነካል። የአገር ልጅ መጥታ ልጆቻችንን ብትጠብቅ፣ አማርኛም ብታስተምር ብለው ቢመኙ ሕጉ አይፈቅድላቸውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በአማርኛ የሚያወራ ቤት የገባች ልጅ ጀርመንኛ አትለምድም፤ ፈቃዱ የተሰጠው ደግሞ ለዚያ ነው።

የሥራው ዓይነትም ተወስኗል። ልጆችን ማጫወት፣ መዋዕለ ሕፃናት ማድረስና መመለስ፣ ቁርስና ቀላል ምግብ ማዘጋጀት፣ የልጆችን ልብስ ማጠብና መተኮስ፣ ቤቱን ከሌሎቹ ጋር ሆኖ ማስተካከል ይቻላል። አረጋዊ ወይም ሕመምተኛ መንከባከብ አይቻልም። የሳምንት ትልቅ ጽዳት፣ የወላጆች ንግድ ቤት ውስጥ ማገልገል፣ ጎረቤት ልጆችን ደርቦ መጠበቅ የኦ ፔር ሥራ አይደለም።

ከኢትዮጵያ ለምትሄድ ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስደንቃት የልጅ አያያዙ ነው። ታናናሾቿን አዝላ ያሳደገች ብትሆንም እዚያ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ በጀርባ አይታዘልም፤ በጋሪ ይሄዳል። ብዙ ቤት ሕፃኑ በራሱ ክፍል፣ በተወሰነ ሰዓት ይተኛል፤ ሲያለቅስ ወዲያው ማንሣት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ወላጆቹ የወሰኑት ነገር አላቸው። የአራት ዓመት ልጅ እናቱን በስሟ ቢጠራ ወይም ለትልቅ ሰው «አልፈልግም» ቢል ነውር ተደርጎ አይቆጠርም። መምታት፣ በጥፊም ቢሆን፣ በጀርመን ሕግ ከ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለወላጅም የተከለከለ ነው። ኦ ፔሯ ልጅን በመቆንጠጥ ወይም በማስፈራራት ሥርዓት ለማስያዝ ብትሞክር ያን ዕለት ነገሩ ሊያበቃ ይችላል። አስተናጋጅ ወላጆቿንም «እቴቴ» ወይም «ጋሼ» ብላ ልትጠራ አትችልም፤ በስማቸው ጥሪን ብለው ይነግሯታል፤ አፏ እስኪለምደው ሳምንታት ይፈጃል።

ጠዋቱ በብዙ ቤት ተመሳሳይ ነው። በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ቁርስ ይቀርባል፤ የልጁ ምሳ ዕቃ ዳቦና የተከተፈ ፍራፍሬ ይያዝበታል፤ ጫማና ጃኬት ለማልበስ ሩብ ሰዓት ትግል ይሆናል፤ ከዚያ በእግር ወይም በብስክሌት ወደ መዋዕለ ሕፃናት። ብስክሌት መንዳት የማትችል ኦ ፔር በትንንሽ ከተሞች ትቸገራለች፤ ከመሄዷ በፊት ብትለምድ ይሻላል። ልጁን አድርሳ ስትመለስ የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑን ታራግፋለች፤ ረፋዱ የትምህርቷ ነው። ከቀትር በኋላ ልጁን ትቀበላለች፤ የመጫወቻ ሜዳ፣ መክሰስ፣ ገላ መታጠብ ይከተላል። እራት ብዙ ጊዜ ዳቦ፣ አይብና ቀዝቃዛ ሥጋ ነው፤ ትኩስ ወጥ የለመደ ሰው በመጀመሪያው ወር ሆዱ ባዶ ይመስለዋል። ጾም የምትጾም ልጅ ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንም ገና በቪዲዮ ስትነጋገር ማስረዳት አለባት፤ ያለዚያ ቤተሰቡ ምግባቸውን የጠላች ሊመስለው ይችላል። የአሳማ ሥጋ የማትበላ ሙስሊምም እንዲሁ። በአትክልት ብቻ የሚኖሩ ብዙዎች ስለሆኑ ጉዳዩ አስቀድሞ ከተነገረ ጀርመናውያን በቀላሉ ይረዱታል።

በዚህ ኑሮ ውስጥ ዋናው አደጋ ጭካኔ አይደለም። በግልጽ የሚበድል ቤተሰብ አለ፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚመጣው በትንሽ በትንሹ ነው። «ዛሬ ስብሰባ ስላለኝ አንድ ሰዓት ትቆዪልኛለሽ?» ይባላል፤ ትቆያለች። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ሰዓት ይሆናል። ከዚያም የቅዳሜው እረፍት ይረሳል። በእኛ አስተዳደግ ትልቅ ሰው ሲጠይቅ ሰዓቴ አልቋል ማለት እንደ ድፍረት ይቆጠራልና ይሉኝታ አፍ ይይዛል። ጀርመናዊው ደግሞ ካልተነገረው ደስ ብሏት እንደምትሠራ ያምናል፤ ፊትን አይቶ መረዳት ልማዱ አይደለም። ስለዚህ የጽሑፍ የሳምንት መርሐ ግብር ከመጀመሪያው ቀን ማቀዝቀዣው ላይ መለጠፉ ማንንም የሚያስቀይም ነገር አይደለም። ተጨማሪ ሰዓት ቢሠራ በሌላ ቀን ይተካ ብሎ መናገርም እንዲሁ። ልጅቷ ይህን ስትናገር ቤተሰቡ ሊያከብራት ይችላል እንጂ አይንቃትም።

ከኢትዮጵያ የሚነሣው ሂደት በቋንቋ ይጀምራል። የጀርመን ኤምባሲ ቢያንስ የኤ1 (የጀማሪ) ደረጃ ጀርመንኛ ይፈልጋል፤ ለዚህም በአዲስ አበባ የሚገኘው የጎተ ተቋም ያስተምራል፣ ይፈትናል። ከዚያ ቤተሰብ መፈለግ ይመጣል፤ በኤጀንሲ ወይም ወላጆችና ኦ ፔሮች በሚገናኙባቸው የኢንተርኔት መድረኮች ሊሆን ይችላል። ከተስማሙ ውሉ በሁለቱም ወገን ይፈረማል፤ ውሉ፣ የግብዣ ደብዳቤው፣ የኢንሹራንስ ማረጋገጫው፣ ለምን መሄድ እንደፈለገች በራሷ ቃል የጻፈችው ደብዳቤና የሕይወት ታሪኳ ከፓስፖርቱ ጋር ለኤምባሲው ይቀርባሉ። የቪዛው ክፍያ 75 ዩሮ ነው። ጉዳዩ ጀርመን ወዳሉ ቢሮዎችም ስለሚላክ መልስ ለማግኘት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። በቃለ መጠይቁ በጀርመንኛ ቀላል ጥያቄ ይቀርብላታል፦ ቤተሰቡ የት ይኖራል? ስንት ልጆች አሉ? ስማቸው ማን ነው? ቀኑን ምን ስትሠሪ ትውያለሽ? ከዓመቱ በኋላስ? መልሱን ሸምድዳ የሄደች ልጅ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ትያዛለች። ከቤተሰቡ ጋር ደጋግማ የተነጋገረች ግን የልጆቹን ስም ብቻ ሳይሆን ትንሹ ምን መጫወቻ እንደሚወድ ጭምር ትናገራለች።

ደላላ በዚህ መካከል ይገባል። በጀርመን ሕግ ኤጀንሲ ከኦ ፔር ሊቀበል የሚችለው ከፍተኛ ክፍያ 150 ዩሮ ነው። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ብር «ለፕሮሰስ» የሚጠይቅ ሰው ስለዚህ ሌላ ነገር እየሸጠ ነው። የታወቀ የማታለያ መንገድም አለ፤ ፎቶውና ቤቱ ያማረ፣ የኪስ ገንዘቡ በወር ከሺህ ዩሮ በላይ የሆነ «ቤተሰብ» በኢሜይል ይመጣል፤ ቪዲዮ ላይ አይታይም፤ ከዚያ ለጠበቃ ወይም ለጉዞ ወኪል በሐዋላ ገንዘብ ላኪ ይላል። እውነተኛ ቤተሰብ በቪዲዮ ይታያል፤ ልጆቹን ያስተዋውቃል፤ ክፍሉን ያሳያል፤ ቀደም ሲል የነበረችውን ኦ ፔር ስልክ ለመስጠትም አያመነታም። ከቀድሞዋ ኦ ፔር ጋር የሚደረግ የአሥር ደቂቃ ወሬ ከማንኛውም የውል አንቀጽ የበለጠ ይነግራል።

ወደ ዓረብ አገር ከሚደረገው ጉዞ ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። ወደዚያ የሚኬደው በቤት ሠራተኛ የሥራ ቪዛ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዱ በከፋላ ሥርዓት ከአሠሪው ጋር ይታሰራል፤ የሚጠበቀውም ደመወዝ ነው። ኦ ፔር ግን የመጣችበትን ቤት ለቃ ሌላ ቤተሰብ መፈለግ ትችላለች፤ ፓስፖርቷን ማንም ሊይዝባት አይችልም። ውሉን ማንኛውም ወገን በሁለት ሳምንት ማስጠንቀቂያ ሊያቋርጥ ይችላል፤ ድብደባ፣ ትንኮሳ ወይም ሌላ ከባድ በደል ካለ ወዲያውኑ። ከለቀቀች በኋላ ግን ጊዜ የላትም። ለውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ ማሳወቅና በፍጥነት ሌላ ቤተሰብ ማግኘት አለባት፤ ካላገኘች ፈቃዷ መሠረቱን ያጣል። በኤጀንሲ የሄደች በዚህ ሰዓት የምትደውልበት ሰው አላት፤ በኢንተርኔት በራሷ የሄደች ግን አማካሪ ማኅበራቱን ራሷ ማግኘት ይኖርባታል። ስልካቸውን ከአገር ሳትወጣ መመዝገብ ይገባታል።

አሜሪካ የመረጠችው መንገድ ሌላ ነው። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ1986 ተጀመረ፤ ኦ ፔሮቹ ለባህል ልውውጥ በሚሰጠው ጄ-1 ቪዛ ይገባሉ፤ የሚመራው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ነው። እዚያ ያለ ኤጀንሲ ጉዞ የለም። ሥራው በሳምንት እስከ 45 ሰዓት፣ በቀን እስከ 10 ሰዓት ይደርሳል፤ ከጉዞ በፊት ስለ ሕፃናት ደኅንነትና ዕድገት 32 ሰዓት ሥልጠና ይሰጣል፤ ለኮሌጅ ትምህርት ቤተሰቡ በዓመት እስከ 500 ዶላር ይከፍላል። የሳምንቱ ክፍያ ከ2009 ጀምሮ ቢያንስ 195.75 ዶላር ነው። ስሌቱ የተሠራው ከፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ ለማደሪያና ለምግብ 40 በመቶ ተቀንሶ ነው። ኦ ፔሮች ክፍያው አነስተኛ ሆኖ እንዲቀር ኤጀንሲዎች ተመሳጥረዋል ብለው በዴንቨር ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ ጉዳዩ በ2019 በ65.5 ሚሊዮን ዶላር በስምምነት ተዘጋ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የይግባኝ ፍርድ ቤት የማሳቹሴትስ የደመወዝ ሕግ ለኦ ፔርም ይሠራል ሲል ወሰነ፤ በዚያ ግዛት የቤተሰቦቹ ወጪ በአንድ ጊዜ አሻቀበ። ስትራስቡርግ ላይ ተማሪም ሠራተኛም አይደለችም የተባለችው ወጣት፣ አሜሪካ ላይ ፍርድ ቤት ቆማ ሠራተኛ ነኝ አለች።

ኖርዌይ ደግሞ በሩን ዘጋች። ወደ ሰሜን አውሮፓ ከሄዱት ኦ ፔሮች ብዙዎቹ ፊሊፒናውያን ነበሩ። የፊሊፒንስ መንግሥት በ1998 በደል በዝቷል ብሎ ዜጎቹ ወደ አውሮፓ በኦ ፔርነት እንዳይሄዱ ከልክሎ ነበር፤ በ2012 እገዳውን ሙሉ በሙሉ አነሣ። ኖርዌይ ውስጥ የተነሣው ክርክር ቀላል ነበር፤ አገሯን ትታ የመጣች፣ ደመወዝ ብለው በሚጠሩት የኪስ ገንዘብ ቤተሰብ የምታስተዳድር ሴት የባህል ልውውጥ ላይ ናት ማለት ይቻላል? መንግሥቱ አይቻልም አለ፤ መርሐ ግብሩ ርካሽ ጉልበት ማግኛ ሆኗል በሚል መጋቢት 2024 (እ.ኤ.አ.) ላይ አዲስ ፈቃድ መስጠት አቆመ። ውሳኔው ከባድ ነው፤ በሥርዓቱ የተጠቀሙ ወጣቶችንም ከደጅ አስቀርቷል። ይሁንና የተነሣው ጥያቄ በጀርመንም ሆነ በአሜሪካ ይሠራል።

ዓመቱ ሲያልቅ በጀርመን ያሉት ኦ ፔሮች አገራቸው ይመለሳሉ ወይም ሌላ ፈቃድ ይጠይቃሉ። አንዱ መንገድ በሆስፒታል፣ በአረጋውያን መጦሪያ ወይም በመዋዕለ ሕፃናት የሚሰጠው የበጎ ፈቃድ ዓመት ነው። ሌላው አውስቢልዱንግ የሚባለው፣ ትምህርትና ሥራ የተቀላቀለበት፣ ብዙ ጊዜ ሦስት ዓመት የሚፈጅ የሙያ ሥልጠና ነው፤ በተለይ ነርሲንግ ከፍተኛ የሰው እጥረት ስላለበት ቦታ ይገኝበታል። ለዚህ ቢያንስ የቢ1፣ ብዙ ጊዜ የቢ2 ደረጃ ጀርመንኛ ይጠየቃል፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃም መተርጎምና መመዘን አለበት። ከኤ1 ተነሥቶ በአንድ ዓመት ቢ1 ለመድረስ ከልጆቹ ጋር ማውራት ብቻ አይበቃም፤ ሕፃናት ሰዋስው አያርሙም፣ የሚያወሩትም ስለ አሻንጉሊትና ስለ ዳይኖሰር ነው። ትምህርቱ በመጀመሪያው ወር መጀመር፣ የቢ1 ፈተናው ደግሞ ፈቃዱ ሊያልቅ ሦስት ወር ሲቀረው መወሰድ ይኖርበታል፤ ማመልከቻ፣ የሥልጠና ውልና የፈቃድ ለውጥ ሁሉም ጊዜ ይወስዳሉና። ከቤተሰቡም ስትለይ የሠራችበትን ጊዜ፣ የልጆቹን ዕድሜና የሠራችውን የሚገልጽ፣ የተፈረመ የምስክር ወረቀት መቀበል አለባት፤ ከልጆች ጋር ወደሚሠራ ሙያ ብትገባ የመጀመሪያ ማስረጃዋ እሱ ነው።